ሮቦቱ በራሱ እግር ቆሟል

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለራዲያ የህያ፣ ዱባይ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ ራዲያ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሱቅ ቆመሽ ስትውዪ የሚይዝሽ ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ አብዶ እንዴት ነው? የልጅ ልጄ ሲድራስ ጥርሷ በቀለላት? የዚያ አገር ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኔ አባትሽ፣ አላህ ምስጋና ይግባውና፣ ናፍቆትሽ ነው እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ጉልበቴ ማለዳ ማለዳ ይከራከረኛል፤ እኔ ግን ለማንም ተረትቼ አላውቅም፣ ለሱም አልረታም።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ናትና ከመስመር ወጥታ ብታገኚያት ታገሻት። የላክሽልኝን ሮቦት አቆምኩት ብዬ በስልክ ብነግርሽ ስቀሻል፤ ፎቶውን ካላየሁ አላምንም ብለሻል። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ ፎቶ በስልክ አልሄድ አለ። ስለዚህ አሳጥቤ፣ እዚያው ዱባይ ወደ ሥራዋ በምትመለሰው በረምዚያ እጅ ልኬልሻለሁ። ፖስታው ውስጥ ነው። ገና አታውጪው፤ መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ውላችንን ላስታውስሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር ከመጣ ጀምሮ ከሰበታ ይውጡ ትይኛለሽ። መስከረም መጨረሻ ላይ ፋብሪካዎቹ ሲነዱ ደግሞ እያለቀስሽ ደወልሽ። ወንድምሽ ሙአዊያም አብሮሽ ዘመተ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አዘጋጅቶልኛል አላችሁ። እምቢ አልኩ። እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ ሲቀዱ ያፈሳሉ፣ ብቻዎን እንዴት ይኖራሉ አልሽ። እጄ ደህና ነው ብዬ ብሟገትሽ፣ ከምትሠሪበት የመጫወቻ ሱቅ አንድ ነገር እልካለሁ አልሽ። «ብቻዎን ገጣጥመው በራሱ እግር ካቆሙት፣ ከሰበታ ይውጡ የሚል ቃል ዳግም ከአፌ አይወጣም። ካቃተዎት ግን ጀሞ ይገባሉ።» ይህ ያንቺ ቃል ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ዕቃውን የላክሽባት ጀዋሂር ከዱባይ ስትመጣ ካርቶኑን አመጣችልኝ። ላዩ ላይ ተራራ የሚያክል የብረት ሰው ተሥሏል፣ መሣሪያ ይዟል። የጃፓን ካርቱን ላይ የሚዋጋ ሮቦት ነው ብለሽኛል። ስከፍተው ሮቦት የለም። የፕላስቲክ ፍርግርግ ብቻ ነው፤ በየፍርግርጉ ላይ ባቄላም ምስርም የሚያካክል ቁርጥራጭ ተንጠልጥሏል። መመሪያው በጃፓን ፊደል ነው። እሱን ሳይ ደስ አለኝ። በዚህ ሰፈር የተማረውም ያልተማረውም እሱ ላይ እኩል ነን፤ ሁላችንም ሥዕሉን ነው የምናየው። ካርቶኑ ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው ማለቱንም ነግረሽኛል። ስምንትን ካለፍኳት ቆይቻለሁ።

እንግዲህ የሆነውን ስሚ። ተጂ ከተማ ወፍጮ ቤት ሳለሁ፣ ያልተለቀመ እህል ወፍጮዬ አይገባም እያልኩ ከሴቱ ጋር ስሟገት የኖርኩ ሰው ነኝ። ለኔ ሥራ የሚጀምረው ከለቀማ ነው። የእናትሽን ሰፌድ አወረድኩና ሁሉንም ቁርጥራጭ በጥፍር መቁረጫ ከፍርግርጉ አላቅቄ ለቀምኩት፤ ትልቁን ከትልቁ፣ ደቃቁን ከደቃቁ። ባዶውን ፍርግርግ የአጥር ጎረቤታችን ወርቅቱ ወሰደችው፤ የጫጩት ቤቷን ቀዳዳ ደፈነችበት። ከዚያ መመሪያውን ብገልጥ፣ እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ቁጥር አለው ይላል ሥዕሉ። ሰፌዱን ባገላብጥ ባገላብጥ ቁጥር የለም። ለካ ቁጥሩ ያለው ፍርግርጉ ላይ ነው። ወርቅቱ ጋ ሄጄ አየሁት፤ ተደርድሮ ለጫጩቶቹ ይነበባል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። እኔ እያንዳንዷን ከሥዕሉ ጋር እያስተያየሁ፣ እምቢ ያለችውን እያወጣሁ ሌላ እየሞከርኩ ቀጠልኩ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ሲያበጥር እኔ የሮቦት ክንድ እገጥማለሁ። እጅዎ አልተንቀጠቀጠም ወይ ትይኛለሽ። ተንቀጥቅጧል። አንጓዬን ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው የገጠምኩት። ቀጭ ብላ ስትገባ እንዴት ደስ እንደምትል ለሰው አይነገርም።

ክንዱ አለቀ፣ ደረቱ አለቀ፣ ጭንቅላቱ አለቀ። አቆምኩት። ወደቀ። ደግሜ አቆምኩት፣ በግንባሩ ተደፋ። ሰው ከቤቱ ጥግ እስከ ጥግ ከተራመደ ይወድቃል፣ በር ከተዘጋ ይወድቃል። ያን ሰሞን እህል አልበላልሽ አለኝ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ አራተኛ ፎቅ ነበር።

ወርቅቱ ገብታ አየችውና «ኦቦ የህያ፣ ኩን ማሊ?» አለችኝ፣ ይህ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ነገርኳት። ታዲያ ሱፐር ግሉ ቀብተው ከጣውላ ጋር አይለጥፉትም አለች። የተለጠፈ ቆመ አይባልም አልኳት። ዝቅ ብላ እያየችው ቆየችና «እግሩን እኮ አዟዙረው አጫምተውታል፤ ቀኙ ግራ ነው» አለች። ጃፓኖቹ እንደዚያ ነው የሠሩት ብዬ ተቆጣኋት። እየሳቀች ወጣች። እንደወጣች በሩን ዘጋሁና ፈታሁት፤ ቀኙን ወደ ቀኝ፣ ግራውን ወደ ግራ አደረግሁ። ቆመ። በሩን ከፍቼ በኃይል ብዘጋው አልነቃነቅ አለ። ዓይኑ የሷ ነው፣ እጁ የኔ ነው፤ ውላችን ደግሞ ስለ እጅ ነበር።

ቀጥሎ የፎቶ ነገር መጣ። መናኸሪያው አጠገብ የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሳው ተረፈ ጋ በሻሽ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ወንበር ላይ አቁሞ «ለመታወቂያ ነው ለፓስፖርት?» አለኝ። ታጥቦ ሲወጣ የዶሮ አጥንት መሰለ። ይህንማ ከሌላ ሰው ነው ያመጡት እንደምትይኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ተረፈን ቤቴ ድረስ ይዤው መጣሁ፣ አንቺ በምታውቂው አረንጓዴ በር ፊት እንዲያነሳው። ተረፈ ማዳበሪያ አንጥፎ በሆዱ ተኛ። ካሜራውን መሬት ለመሬት ሲያደርገው ያ ስንዝር የማይሞላ ሮቦት ከበሩ እኩል ሆነ።

ይህን ስንል ሁለት ወታደሮች መጡ። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ ነው፣ ሰው ካሜራ ማውጣት ይፈራል። ተረፈ ከተኛበት አልነሳ አለ። አንደኛው ምን እያነሳችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። ሮቦት ነው ልጄ አልኩት። ጎንበስ ብሎ «መሣሪያ ይዟል» አለ። ፕላስቲክ መሆኑን፣ ልጄ እጅዎ ደክሟል ብላ ልትፈትነኝ መላኳን፣ ከወደቀ ጀሞ እንደምገባ ነገርኩት። ኮስተር ብሎ ሰማኝ። በዚህ መሐል ከጂማ መንገድ የታጠፈ ኦራል፣ ያ ትልቁ የወታደር መኪና፣ በደጃችን መጣ። የበሩ ቆርቆሮ ተንገጫገጨ፣ አቧራው ሸፈነን፣ የተረፈ ካሜራ ራሱ ተንቀጠቀጠ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሮቦቱ ቆሟል። ወታደሩ አቧራውን ከፊቱ እየጠረገ «አባባ፣ ይሄም ጀሞ አይገባም» አለኝና ሄዱ።

አሁን ፎቶውን አውጪ። የኔን እጅ ፈልጊ፣ የለም። ድጋፍ ፈልጊ፣ የለም። በስተቀኝ ጫፍ ላይ የሚታየው የበርጩማ እግር የወርቅቱ ነው። በመስከረሙ ግርግር ያን በርጩማ አምጥታ ደጃፌ ላይ ተቀምጣበት ነበር፤ ወጣቱ ሁሉ ሲያልፍ እየጠራች ሰላም ስትል ዋለች፣ ቤቴን የነካ አልነበረም። ያን ጊዜ በስልክ አልነገርኩሽም፣ እንዳትደነግጪ ብዬ። ፍርሃትሽ ይገባኛል ልጄ። ነገር ግን እናትሽ ያረፈችው እዚህ ነው፣ ጎረቤቴም እዚህ ነው።

ክንፍ ያለው ሮቦት አለ ብለሽኝ ነበር። ላኪልኝ። አሁን ቁጥሩን ሳላይ አልለቅምም።

አብዶን ሰላም በይልኝ፣ የቁልፍ ቀረጻ ሥራውን አላህ ይባርክለት። ሲድራን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ፎቶውን አሳያት፣ አያትሽ ነው የሠራው በያት። ወርቅቱ «ነገያ» ይበሉልኝ ብላለች፣ ሰላም ማለቷ ነው። ተረፈም ሰላም ብሎሻል፣ ሆዱን ከማዳበሪያው ላይ አሁን ነው ያነሳው። ለሙአዊያም ደውይለት፤ ያቺን ክፍል ያከራያት።

አባትሽ የህያ

ሰበታ፣ ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.