ከአልጋህ የተነቀለው ጣውላ

ውድ ወዳጄ፣ የአግዳሚያችን ቀኝ ጫፍ፤

ጉልበትህ እንዴት ነው? ልጅህ ቤት ከገባህ ወዲህ ወሬህ የሚደርሰኝ በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ላንተ አይሆንም፤ ስታኮርፍ አይታይም። ስለዚህ ጻፍኩ። ቁጭ ብለህ አንብበው። እኔ መቀመጫ የለኝም።

አግዳሚያችንን ወሰዱት።

ሰኞ ጠዋት በፓርኩ በር ስገባ ጥቂት ሠራተኞችና አንድ ባለሙያ ከበውት ቆመዋል። ሰላም ብዬ አልፌያቸው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይነሣል» አለኝ ባለሙያው።

«ማን?»

«ወንበሩ።»

«እኔስ?»

«እርስዎም።»

ጥናት ተጠንቷል አሉ። ነዋሪው ከፓርኩ ጋር ያለው ቁርኝት ደካማ ሆኖ ተገኘ። ቁርኝቱ እንዲጠናከር አሮጌዎቹ አግዳሚዎች ተነሥተው ዘመናዊ መቀመጫ ይተከላል። የት? ዳገቱ ላይ፣ ከደረጃው በላይ! አንተ እዚያ የምትደርሰው በሸክም ነው። መቀመጫዎቹም ነጠላ ነጠላ ብረት ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ጋሪ ያልፋል። ዳማችንን በፖስታ እንጫወት ይሆናል።

ቁርኝት! ያን ሁሉ ዘመን ስንቀመጥ ይህን ቃል አንድ ቀን ተናግረነው እናውቃለን? እዚያ የወሰደን እኮ ፍቅር አልነበረም። ጡረታ ወጥተን ቤት ስንውል ሚስቶቻችን አባረሩን እንጂ። አውቶቡስ ስትነዳ የኖርክ ሰው ድስት በየት በኩል ይዙር ብለህ ማዘዝ ስትጀምር ምን ታድርግህ? እኔም ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ፣ የባለቤቴን ንግግር ማረም ጀምሬ ነበር። ተባረን ሄድን። ዳማ ላይ አጭበረበርከኝ (አላጭበረበርኩም እንዳትል)፣ ተኮራረፍን፣ በማግስቱ ተመለስን። መጀመሪያ ቦታው እኛን ለመደን፤ እኛ የለመድነው ቆይተን ነው። ጥላ የሚሰጠን ዛፍ የደረቀ የመሰለ ጊዜ እንደ ታመመ ዘመድ እየሄድን ጠየቅነው።

ከዚያ መሐለኛው ጣውላ ተሰበረ። ብናመለክት «በጀት የለም» አሉን። አንተ ሄደህ ከገዛ አልጋህ ርብራብ አንዱን ነቅለህ መጣህ። ባለቤትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሌሊቱን ፍራሹ ሰርጉዶባት አድራ፣ «አልጋዬን ለማን ሰጠኸው?» እያለች እስከ ፓርኩ ድረስ ተከተለችህ። ልትቆጣ መጥታ ጣውላዋ ላይ ተቀመጠች፤ እስኪመሽም አልተነሣችም። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሆንን።

እንግዲህ ይህንን ነቅለው ነው ቁርኝት የሚተክሉት!

ሁሉንም ለባለሙያው ነገርኩት።

«የመንግሥት ንብረት ነው» አለኝ።

«የራሱን ይውሰድ። መሐለኛው ግን የወዳጄ አልጋ ነው። መንግሥት በሰው አልጋ ምን ጥልቅ አደረገው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። የባለሙያው ደም ሥር ተገታተረ። «ከነሰውየው አንሡት!» አለ። አነሡኝ። በሕይወቴ ሰው ሲሸከመኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን አላየውም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ከኋላ የያዘው ጎልማሳ «ቆይ፣ አስቀምጡት» ብሎ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። «ጋሼ፣ የትኛው ነው?» አሳየሁት። ፈትቶ ሰጠኝ። የቀረውን መኪና ላይ ጭነው ሄዱ።

አሁን በቦታው ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፦ «ይህ ፓርክ የእርስዎ ነው!» ይላል። ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬ እንዳላነብ የት ልቀመጥ?

ጣውላህን ከሰሌዳው ሥር ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሜዋለሁ። ጥበቃው ማታ ያነሣዋል፣ ጠዋት እመልሰዋለሁ። እስካሁን አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ዛሬ ግን ድንጋዮቹን ራሱ አስተካክሎ ጠበቀኝ። ባለሙያው ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ ያለ አንተ የሰው ዕቃ ላይ የተቀመጥኩ ሽማግሌ ነኝ።

እሑድ ና። ልጅህ እስከ በሩ በመኪና ታድርስህ፤ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው። ካልተጣላን ሁለት ሰው ይይዛል። ከዚያ ይምጡና ያንሡን እስቲ። በገዛ አልጋው ላይ የተቀመጠን ሰው ማን ነው ተነሥ የሚለው?

ቦታህን በኮፍያዬ ይዤልሃለሁ።

ግራ ጫፍ