መጀመሪያ ያጨበጨበ ሰው

ቡሬ፣ ሰኔ ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣ አብሮ አደጌ ተስፋው፣

ከዘመትህበት ከኮንጎ ለላክኸው ለመጨረሻው ደብዳቤህ መልስ ሳልጽፍ ቀረሁ። ይኸው አሁን የማይደርስህን እጽፋለሁ። እናትህን የበደልሁትን ላንተ ካልነገርሁ ለማን ልንገር? ለንስሐ አባቴ እንኳ መናገር አልደፈርሁም።

የሞትህ ወሬ ቡሬ ከገባ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ከእናትህ ከእማማ እናኑ በቀር ያልሰማ ጎረቤት የለም። ቄስ ክንፈሚካኤል፣ «እሑድ ማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን፤ እስከዚያ ፊታችሁ እንዳያሳብቅ» ብለው ገዘቱን። እማማ «ተስፋው ደኅና ነው ወይ?» ሲሉኝ፣ «ደኅና ነው እማማ፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። ምን አባቴ ላድርግ!

በዚያው ሳምንት አንድ ፈረንጅ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ አራት ፈረንጅ ሙዚቀኞች አስከትሎ መጣ። እነሱ የሀገራቸውን የጥንት ሙዚቃ ያሰማሉ፤ እሱ ደግሞ ሰው መቼ እንደሚያጨበጭብ፣ ማን እንደሚጀምር፣ ስንት ሰው እንደሚከተል ያጠናል። ለዚህም ጥናት ብዬ ሳቅሁ። እንግሊዝኛ የማውቅ አስተማሪ ነኝና መዝጋቢ አደረገኝ። «እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የባላገር እናቶች አምጣልኝ» ሲለኝ፣ እኔ ቂሉ እማማ እናኑን ይዤ ሄድሁ። ጎረቤቶቹም ብንቀር ይጠረጥራሉ ብለው ተከተሉን። ከመርዶው በፊት አንድ ቀን ይደሰቱ ብዬ ነው እያልሁ ራሴን አታለልሁ። እውነቱን ንገር ካልኸኝ፣ ፈረንጁ አዲስ አበባ ይወስደኛል ብዬ ቋምጬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህል መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ከፊት አግዳሚ ላይ እማማ እናኑ፣ ግራና ቀኛቸው ጎረቤቶቻቸው፤ ከኋላ ተማሪውና ነጋዴው። መጀመሪያ ሞቅ ያለ ነበር። እማማ፣ «እነዚህ ደግሞ መሰንቋቸውን አገጫቸው ሥር ወሸቁት!» ብለው አሳቁን። ቀጥሎ የመጣው ክፍል ግን ሆድ የሚያባባ ነበር። ያ ሴሎ የሚሉት ትልቁ መሰንቋቸው ሲያንጎራጉር ጎረቤታቸው ሀብትነሽ አልቻለችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ እንባዋን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሙዚቃው ቆመ። ለሚቀጥለው ክፍል ፋታ መውሰዳቸው ነበር። ያጨበጨበ የለም፤ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ዝምታውን እቆጥራለሁ። እማማ እናኑ ግራቸውን አዩ፣ ቀኛቸውን አዩ። ጎረቤት ሁሉ ከብቧቸው አቀርቅሯል። የእኛ ሰው እንዲህ የሚቀመጠው መርዶ ሊያረዳ ሲመጣ ነው። «ምነው? ምን ሆናችኋል?» አሉ። ወደ እኔም ዞሩ። «ክንዱ፣ ተስፋው ደኅና ነው አላልኸኝም?»

ዓይኔን ወደ ወረቀቴ መለስሁ። በቃ፣ አወቁ።

ብድግ ብለው «ልጄን!» አሉና መዳፋቸውን አጋጩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። ፊታቸውን ያላዩት የኋላ ሰዎች ጊዜው ደረሰ ብለው አጨበጨቡ። መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሙዚቀኞቹም ተነሥተው እጅ ነሡ። እናትህ በዚያ መሐል እየጮኹ ነበር፤ ድምፃቸውን የሰማ የለም።

እኔስ ምን አደረግሁ መሰለህ? ጻፍሁ። «መጀመሪያ ያጨበጨበ፦ ሴት፣ ባላገር፣ የፊት አግዳሚ። የተከተለ፦ ሁሉም።» እጄ ይቆረጥ! ፈረንጁም ወረቀቱን አይቶ አመሰገነኝ።

በሰልስቱ ዕለት እማማ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ክንዱ፣ ያ ሁሉ ሰው ያን ዕለት ለምን አጨበጨበ?» አሉኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ለተስፋው ነው እማማ፤ ለጀግንነቱ» አልኋቸው።

ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩና፣ «እንዲያ ከሆነማ ያስጀመርኋቸው እኔ ነኛ» አሉ። ከመርዶው ወዲህ እህል የቀመሱት ያን ጊዜ ነው።

ፈረንጁ ቢጠራኝም አዲስ አበባ አልሄድሁም። እናትህ አሁን ለመጣ ለሄደው፣ «ቡሬ ለልጄ አጨበጨበ» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አይደለም እንዴ ክንዱ?» ይሉኛል። «ነው እማማ» እላለሁ። በሕይወት እስካሉ ድረስ ከደጃቸው አልርቅም፤ በጠየቁኝ ቁጥርም «ነው» እላለሁ። እውነቱን አንተ ያዝልኝ።

የበደለህ ወንድምህ፣
ክንዱ