አባዬ ቁልቁለቱን ወረደው

ቢቸና፣ ጥር 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የአያቴ ጉልበትስ ቆሞ ለማስቀደስ አበቃት ወይ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም፤ ምስጋና ለመድኃኔዓለም። "እኛ" ያልኩት አስቤበት ነው። አባዬ ቢሰማ ይክዳል፤ ግን ወጥ በቀመሰ ቁጥር "ይኼ የማን እጅ ነው?" ማለቱን አልተወም። የማን ይሆናል፣ የእኔ ነው እንጂ!

በስልክ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን አባዬን ሳነሳብሽ "ኔትወርኩ አይሰማም" ትያለሽ፤ ወረቀት ደግሞ አይቆራረጥም። የምሥራች ይዣለሁና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አያቴን ላስታምም ብለሽ ሞጣ ከሄድሽ ወዲህ አባዬ ከበረንዳው ወንበር አይነሳም ነበር። በአደጋው የተጎዳው እግሩ ድኗል፤ ሐኪሙም ተራመድ ብሎታል። ያልዳነው ሌላው ነው። ያ ጤፍ የጫነው አይሱዙ ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ሲወጣ እሱ "ፍሬኑ እምቢ አለኝ" አለ፤ አንቺ ደግሞ ጠያቂ በተሰበሰበበት "እንቅልፍ ጥሎት ነው" አልሽ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ ሰው በሰው ፊት እንዲህ ሲባል! እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን እኔም ተቀይሜሻለሁ። ቢሆንስ፣ ጠያቂው እስኪወጣ አይጠበቅም? እሱ የመለሰልሽንም አልደግመውም፤ ያም ልክ አልነበረም። የነፍስ አባታችን ቄስ ኃይለ ሚካኤል ለእርቅ በመጡ ቁጥር "መጀመሪያ ፍሬኑ መሆኑን ትመን" እያለ ይመልሳቸዋል። እንዲሁ ተኮራርፋችሁ ልትቀሩ ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የተጣለ ላፕቶፕ አምጥቼ ነበር። ሲገዛም ርካሽ ነበር፤ አርጅቶ ደግሞ ማመልከቻ ሲተየብበት እንኳ ያቃስታል። የከባድ መኪና መንጃ ጨዋታ ጫንኩበትና አባዬ ፊት አስቀመጥኩት። ጭነት ጭነሽ ከከተማ ከተማ ትነጃለሽ፤ አገሩ የፈረንጅ ነው፣ ዳገት ቁልቁለቱ ግን የእኛኑ ይመስላል። መጀመሪያ "የልጅ ጨዋታ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ቆየት ብሎ "ማርሹ የት ነው?" አለ። ከዚያማ አማትቦ መንገድ ጀመረ! መንገድ ዳር ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ቀዝቀዝ አድርጎ ይሳለማል። የፈረንጅ እኮ ነው ብለው ጊዜ "ደጅ ደጅ ነው" አለኝ።

ችግሩ ላፕቶፑ ነበር። ሜዳው ላይ ደህና ይሄዳል፤ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ሥዕሉ ቀጥ ይላል። ተመልሶ ሲንቀሳቀስ መኪናው ገደል ገብቶ ይገኛል። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ክዳኑን ደፋው። "ይኼም ያው ነው፤ ራሱ ተበላሽቶ በሾፌር ያሳብባል" አለና ራቱንም ሳይበላ ተኛ። እልህ ያዘኝ። የማን ልጅ ሆኜ!

ለላፕቶፕ እንደ አንጎል ሆኖ የሚሠራለት ፕሮሰሰር የሚባለው ነው። የእኛው ደካማ ስለሆነ ሥራ ሲበዛበት ይደነዝዛል። ኮሌጅ አብሮኝ የተማረው ባንተአምላክ ሞጣ ጥገና ቤት ከፍቷል። ደውዬ ሳማክረው "ሁሉም ፕሮሰሰር ሁሉም ላፕቶፕ ላይ አይቀመጥም፤ ትውልዱም መቀመጫውም መግጠም አለበት። ከቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ደግሞ እርምሽን አውጪ" አለኝ። እግዜር ሲረዳ የሚነቀል ዓይነት ሆነ። እሱም ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ ላይ ያወጣው፣ ለእኛው የሚስማማ፣ ኮር አይ ፋይቭ የሚሉት ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ነበረው። መጥቼ ወሰድኩት። አዎ፣ ሞጣ መጥቼ ነበር፤ ደጅሽን ሳልረግጥም ተመለስኩ። አትቀየሚኝ፤ ባይሽ አልቅሼ ሁሉንም እዘከዝከው ነበር፣ ነገሩ ደግሞ ገና አልተሳካም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባዬ እያየኝ ፈታሁት። ከማራገቢያው የወጣው አቧራ የወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው። አሮጌውን ፕሮሰሰር የያዘችውን ብሎን አዙሬ ነቀልኩት፤ ሙቀቱን የሚያስወጣለትን የደረቀ ቅባት ጠራረግኩ፤ አዲሱን በምልክቱ በኩል አስቀመጥኩት። ሳይጫኑት በራሱ ቁጭ ሲል እንዴት ደስ ይላል! ቅባቱን በስሱ ቀባሁ፣ ሁሉንም መልሼ አሰርኩና አበራሁት። ጨለማ! ድምፅ እንኳ የለም። "ገደልሽው?" አለኝ አባዬ። ለካ ስፈታ ያወጣሁትን ራም የሚሉትን የማስታወሻ ቁራጭ ስመልስ በደንብ አልገባም ኖሯል። ቀጭ እስኪል ገፋሁትና እንደገና አበራሁት። መጣ! እልልታዬን ሳቀልጠው ቄስ ኃይለ ሚካኤል ምን ተገኘ ብለው መቋሚያቸውን እንደያዙ ገቡ።

ነገሩን ስነግራቸው አባዬ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "በል ልጄ ስጦታው፣ ተሳፋሪ ይዘሃል፤ በቀስታ" አሉት። እሱም ግንድ ጭኖ ተነሳ። ቁልቁለቱ መጣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጠው ሥዕሉ አልቆመም፣ እንደ ውኃ ይፈሳል። አባዬ ማርሽ ቀነሰ፣ በሞተሩ ጉልበት ያዘው፣ መታጠፊያውን ዞረ፤ ቀጣዩንም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም። ቄሱ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው "አቤቱ ጠብቀን!" ይላሉ። ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ መኪናው ጭረት እንኳ አልነካውም። እማዬ፣ አባዬ ሳቀ! ጥርሱን ካየሁት ስንት ዘመኔ! "አላልኩህም! አላልኩህም!" እያልኩ ቤቱን ዞርኩት። ያ የተጣለ ላፕቶፕ አሁን ማን ይችለዋል?

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ላባቸውን ጠረጉና "እንግዲህ መኪናው ደህና ሲሆን ሾፌሩም ደህና መሆኑን በዓይኔ አየሁ። ያን ጊዜም ፍሬኑ ነበር ማለት ነው። ሞጣ ወርጄ ለባለቤትህ እመሰክርልሃለሁ" አሉት። ይኸው፣ ሲፈልገው የኖረው ቃል መጣለት አልኩ በልቤ።

አባዬ ግን ሳቁ ቆመ። ጣቶቹን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ።

"አይ አባ፣ ይቅር፤ አይመስክሩ" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "አንቺ ጻፊላት። ዛሬ አላንጎላጀኝም በያት" አለኝ።

እንዳለኝ ጽፌልሻለሁ፤ ከራሴ የጨመርኩት ቃል የለም።

የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ዕድሜና ጤና አይጉደልብሽ፤ መንገድሽን ሁሉ እመቤቴ ታቅናልሽ።

የሁለታችሁም ልጅ