የገሞራው ሽታ ነው ያልኩህ ቀን

ከፉርኔዝ ተራራ ግርጌ፣ ሬዩንዮን ደሴት

ውድ ዊልፍሪድ፣

ይህን ደብዳቤ ማርሌን ዛሬ ስትወርድ ታመጣልሃለች። ልታርመው ፈልጋ ነበር። ማንበብም መጻፍም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የታናሽ እህቴ እርማት አያስፈልገኝም አልኳት። ሚስትህ ናትና ጠባይዋን ታውቀዋለህ፤ ስቃ ተወችኝ።

ከተኳረፍን ስድስት ዓመት ሆነን። ያኔም እሳተ ገሞራው ፈንድቶ፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ እኛም እሳቱን ልናይ ወጥተን ከተራራው ግርጌ ከጥዶቹ ሥር ድንኳን ተክለን ነበር። ሩዝ ጥጄ ተቀምጫለሁ። መጣህና፣ "ሰውዬ፣ ሩዝህ እያረረ ነው" አልከኝ።

"የገሞራው ሽታ ነው።"

"ገሞራው ከመቼ ወዲህ ነው ሩዝ የሚቀቅለው?" ብለህ ክዳኑን ብድግ አደረግኸው። በዙሪያችን የሰፈረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሩዙ እንፋሎቱን ሳይጨርስ ክዳን የሚያነሳ ሰው ከእኔ ጋር አይበላም አልኩህ። ድንኳንህን ነቅለህ፣ ማርሌንን ይዘህ ወረድክ። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በቀብርም ፊቴን አዞርኩብህ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። እናንተ እንደሄዳችሁ ድስቱን ገለበጥኩት። ከመሀሉ በታች ያለው ከሰል ሆኗል። ሰው ሳያየኝ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩትና ከሩዙ ጋር ልበላው ያሰብኩትን ቋሊማ ያለ ሩዝ በላሁ። ያለ ሩዝ፣ ዊልፍሪድ።

ባለፈው ሳምንት ገሞራው እንደገና ሲነሳ ብቻዬን ወጣሁ። ትናንት ማርሌን ልታየኝ መጣች። ሩዝ ጣድኩ። ትንሽ ቆይታ ማሽተት ጀመረች።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?"

"ገሞራው ነው።"

"ነፋሱ እኮ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው፣ ጋሼ።"

በሰባ አራት ዓመቴ ክዳኑን በገዛ እጄ አነሳሁት። አሯል። ያን ጊዜ ስለ ቀበርኩት ሩዝ ነገርኳት፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ብዙ ባይሆንም።

ልክ ነበርክ። ስለ ክዳኑ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ስለ ሩዙ፣ በሰው ፊት ስላዋረድኩህ፣ ስለ ስድስቱም ዓመት ግን ይቅር በለኝ።

እሳቱ እስኪበርድ እዚሁ ነኝ። ከድንኳኔ አጠገብ ለእናንተ የሚበቃ ቦታ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ወጥሬ ይዣለሁ። ዛሬ ብቻ ሦስት ቤተሰቦች "ባዶ አይደል እንዴ?" ብለው መጥተው ሦስቱንም መልሻለሁ። አንዱን ቤተሰብ ይዘው የመጡት የሰበካችን ቄስ ነበሩ። ከአገሩ ሰው ሁሉ ሳልጣላ ቶሎ ድረስልኝ።

አማችህ
ኤሊዜ