ያልበየድኩት ወንበር

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔና ልጆቹ ደህና ነን፤ የብየዳ ሥራውም ሞልቷል። ማዘጋጃ ቤቱ የቤት አልባውን ቁጥር እቀንሳለሁ ብሎ ተነስቷል። ታዲያ ቤት የሚሠራ እንዳይመስልሽ! ሰው እንዳይጋደምበት በየመናፈሻው አግዳሚ ወንበር መሃል ላይ ብረት እያስበየደኝ ነው። ትናንት ከረባታሙ ሹማቸው መጣና ብረቱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ “አየህ? የሚተኛ ከሌለ ችግሩ ተቃለለ ማለት ነው” አለኝ። አልጋ ሰብሮ እንቅልፍን አጠፋሁ የሚል ሊቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይህችን ለማሰብ ስድስት ጊዜ ተሰብስበዋል አሉ፤ ያውም በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተንፈላሰው።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ወንበር ግን አልበየድኩትም። ካርቶን ተነጥፎበት፣ ሰማያዊ ሹራብ እንደ ትራስ ተጠቅልሎበት አገኘሁ። ክርኑ ላይ በቢጫ ክር ተጥፏል። አጣጣፉ የአንቺን እጅ ይመስላል። ተቆጣጣሪው፣ “ይሄኛውስ?” ሲለኝ፣ “ብረት አልቆብኛል” አልኩት። ጋሪዬ ላይ ግን ብረቱ ተከምሮ ያየዋል። ከሥራ በኋላ ብዙ ጠበቅሁ፤ የመጣ ሰው የለም። ነገም እዚያው እውላለሁ።

ታናሻችን ይደውልልሻል? ያን ቀን በንዴት “ውጣልኝ” ካልኩት ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ከደወለ የበሩ ቁልፍ አልተቀየረም፣ አልጋውም እንደተነጠፈ ነው በይልኝ።

አንቺን በሰላም ያቆይልኝ።

ወንድምሽ፣ በያጁ