መርከቡ ላይ ያልኩት ቃል

ውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስልሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል እንጂ። ስልክ ያልደወልኩት አባዬ አጠገብሽ ስለሚሆን ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

«አባትሽ ከግሪክ ከተመለሰ ወዲህ ለምን ዝም አለ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ድካም ነው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ።

ከቦሎኛ በባቡር ስንነሳ እንዴት ደስ ብሎት ነበር! ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሴት የጫማዋ ተረከዝ መላቀቁን አይቶ «አውልቂውማ የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት ጫማ ሰፍቻለሁ» ብሎ መዶሻውን ከሻንጣው አወጣ። አገሩን ሊጠይቅ ሲሄድ መዶሻ የሚይዝ ከሱ በቀር ማን አለ? ሴትዮዋ እየሳቀች አመሰገነችው፤ ተሳፋሪው አጨበጨበለት። እኔ ግን አንኮና ወደብ እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አፍጥጬ ቀረሁ።

ወደ ግሪክ የሚያሻግረን መርከብ ላይ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ብርድ ልብስ አነጠፈ። አይብና ሽንኩርቱን በቢላ እየቆራረጠ የጭነት መኪና ሾፌሮቹን «ኑ ብሉ፣ እናንተ ከሲታዎች!» እያለ ይጣራል። ሲጠግብ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጋደም አለ። ይሄኔ የአለቃዬ ሚስት ኦርኔላ ከየት መጣች ሳይባል ፊቴ ቆመች። ለዕረፍት ኮርፉ ደሴት እየሄደች ነበር። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ወደ ብርድ ልብሱ አየት አድርጋ «ምነው፣ ይሄ ሽማግሌ ካንቺ ጋር ነው እንዴ?» አለችኝ።

እማዬ፣ «ጎረቤታችን ነው፤ አገሩ ላደርሰው ነው» አልኳት።

«እንዴት ደግ ነሽ!» ብላ ሳመችኝ። ባርኔጣው አልተነቃነቀም። ተኝቷል ብዬ ተጽናናሁ።

ግሪክ ደርሰን ኢጉመኒጻ ወደብ ወርደን መኪና ልንከራይ ገባን። ወረቀቱን የምትሞላው ሴት «አባትሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት አባዬ ቀድሞኝ «የለም፣ ጎረቤት ነኝ። ደግ ልጅ ናት» አላት። ቁጣ የለበትም፤ አሽሙርም የለበትም። እንዳልቸገር ብሎ ነው የዋሸልኝ። ከዚያ ሄዶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ያን ጠመዝማዛ ተራራ ስወጣ በመስታወቱ አየዋለሁ። «አባዬ፣ ፊት ና እንጂ» ስለው «እዚህ ይመቸኛል» ይለኛል። ይቅር በለኝ ልል ስንቴ አፌን ከፈትኩ መሰለሽ፤ የወጣኝ ግን «መስኮቱን ልዝጋው?» ብቻ ነበር።

መንደሩ ስንደርስ እህቱ ቫሲሎ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ዓይኗ ጠፍቷል። ፊቱን በእጇ ዳብሳ ዳብሳ አለቀሰች፤ «አንተ ክፉ፣ ሳልሞት መጣህ?» እያለች ደረቱን ትመታዋለች። ከዚያ የኔን ኮቴ ሰማችና «ማንን ይዘህ ነው የመጣኸው?» አለችው።

አባዬ ዞሮ እኔን አየኝ። ጠበቀኝ።

«ልጁ ነኝ» አልኩ እያለቀስኩ። «ልጁ ነኝ፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ነይ ሳሚኝ!» አለችኝ። አባዬ ሻንጣውን አንስቶ ገባ። ስንመለስም የተቀመጠው ከኋላ ነው።

ለኦርኔላ አባቴ መሆኑን ሰኞ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ አለፈ።

አንድ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት ቢሮ ሲሸልሙኝ ሁለታችሁንም ጠርቻችሁ ነበር፤ አንቺ «ራሴን አሞኛል» ብለሽ ሁለታችሁም ቀራችሁ። በዚያው ቀን ገበያ ዓሣ ስትመርጪ እንዳየሽ የሰፈሩ ዓሣ ሻጭ ነግሮኛል። ያኔ ቅር አላለኝም፤ እፎይ ነው ያልኩት። አንቺም እንዳልቸገር ብለሽ ቀርተሽ እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። አሁንም አልጠይቅሽም።

እሁድ እመጣለሁ። እስከዚያ ደረትሽን ከብርድ ጠብቂልኝ። አምላክ ጤናሽን ይመልስልሽ፤ ለአባዬም ይቅርታ እስክጠይቀው ድረስና ከዚያም በላይ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ያንቺም የሱም ልጅ