ሦስት እጅ ቀለም የተቀባው ምሰሶ

ውድ ሽቦ፣

የስንቅ መርከቧ ይህን ደብዳቤ ይዛ ደሴትሽ እስክትደርስ፣ ንፋስና ደመና ስትመዘግቢ ምግብ ረስተሽ ይበልጥ እንዳትቀጥኚ እሰጋለሁ። ሽቦ ብዬ የጠራሁሽ ለቀልድ ነው እንጂ ስሙን መስለሽ እንድትኖሪ አላስገደድኩሽም። ከደብዳቤው ጋር ያለው ጥቅል በተበላሸው የሬዲዮ ማይክሽ ፋንታ የላክሁልሽ አዲስ ማይክ ነው። አደራ፣ ይሄኛውን ሻይ አታጠጪው።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ጓሯችን ውስጥ የቆመው የሬዲዮ ማማ በመጨረሻ ምሰሶው ገባለት። አጎቴ ሊቅ ነው ብትዪ አልከራከርሽም።

ወደ አየር ሁኔታ ጣቢያው ከሄድሽ ወዲህ እናትሽ ድምፅሽን የሰማችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም በኔ ሬዲዮ። ጣሪያ ላይ በዘረጋኋት ቀጭን ሽቦ በኩል የደረሰን ድምፅ የጋለ ዘይት ውስጥ የተጨመረ ሽንኩርት ይመስል ነበር። ትንሽ አዳመጠችና፣ ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ክፍሌን ረግጣው አታውቅም። ማማውን እንድተክል የፈቀደችልኝም በአንድ ውል ነው፤ ይሄም ካልሠራ ነቅዬ ልጥለው፣ እሷም በቦታው የልብስ ማስጫ ልትዘረጋበት፣ እኔም ሁለተኛ በዚያ ሳጥን አናግሪያት ብዬ እንዳልጨቀጭቃት። ስለዚህ ቅዳሜ ማማው ላይ ስወጣ የምቀልድ ብመስልም ልቤ ቀልድ ላይ አልነበረም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ምሰሶው ረጅም የብረት ቱቦ ነው። በገመድ ስበሽ ማማው ጫፍ ታደርሺዋለሽ፤ እዚያ ባለው ቀለበት አሹልከሽ ወደ ውስጥ ስትለቂው፣ ታች የታሰረው አዟሪ ሞተር ላይ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲዞር ምሰሶው ይዞራል፤ ምሰሶው ሲዞር አናቱ ላይ ያለው አንቴና ወዳንቺ ይዞራል።

እኔ ቀበቶ ታጥቄ ጫፉ ላይ ነኝ። ከታች ገመዱን የሚስበው ጎረቤታችን በያጁ ነው። ሥራ ባዘዙት ቁጥር “ነገ” ስለሚል ስሙንም ነገ ብዬዋለሁ። ምሰሶው ቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ገባና ቀጥ አለ። ገፋሁት፣ እንቢ አለ። አወዛወዝኩት፣ ጭራሽ ተቀረቀረ። ነገ መዶሻ ላቀብልህ ወይ ሲል እናትሽ ከኩሽና ወጣች። ምን አድርገኸው ነው አለችኝ። እንዲያምር ሰማያዊ ቀለም ቀብቼዋለሁ አልኳት። ስንቴ? ሦስቴ። የለካኸው ሳትቀባው ነው ወይስ ከቀባኸው በኋላ? ሽቦዬ፣ የለካሁትስ ሳልቀባው ነበር። ነገ ከሳቁ የተነሳ ገመዱን ሊለቀው ምንም አልቀረው።

ብርጭቆ ወረቀት ላኩልኝ አልኩ። ቀለሙን ስፍቅ ግን ምሰሶውን አጠገቤ ሆኖ የሚደግፍ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ነገ ከወጣ ደግሞ ገመዱን የሚይዝ የለም። እናትሽ ሽርጧን አጥብቃ አሰረችና ማንም ሳይጠይቃት ገመዱን ተቀበለችው፤ ነገም ወደ እኔ ወጣ።

“እትዬ፣ ከከበደሽ ተናገሪ” አልኳት።

“አንተ ፋቅ። እኔ ይዣለሁ።”

ፋቅሁ። ሰማያዊው ብናኝ ፀጉሯ ላይ ሲዘንብ አንዴም አልተቆጣችም፤ ይህን እንዳልተለመደ የአየር ሁኔታ መዝግቢልኝ። ከቆይታ በኋላ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

“ይሄ ብረት ከገባ ድምጿ የሰው ይሆናል?”

“የራሷ ይሆናል” አልኳት።

ገመዱን አንዴ ዞር አድርጋ እጇ ላይ ጠመጠመችው።

እንደገና ስንለቀው ምሰሶው በቀለበቱ አልፎ ሞተሩ ላይ ቁጭ አለ። አንቴናውን አስረን ወረድን፤ እናትሽም ሳልጠራት ተከትላኝ ሬዲዮ ክፍል ገባች። ጥሪ ሳሰማ ከውቅያኖስ ማዶ አንድ ጡረተኛ መርከበኛ መለሰልኝ። ከነሳሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። እናትሽ ቋንቋው ባይገባትም፣ ይሄን ሰውዬ ብርድ መቶታል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ በለው አለችኝ። አልኩት። አመሰገናት።

ሰውዬው ሲሰናበት የምትኖሪባት ደሴት በየት በኩል እንደሆነች ጠየቀችኝ። በካርታው አሳየኋት። የማዞሪያዋን ቁልፍ ከእጄ ወሰደችና በመስኮት እያየች አንቴናውን ራሷ አዞረችው። ከቆመም በኋላ ከመስኮቱ አልተነሳችም።

እንግዲህ አዲሱን ማይክ ስትሰኪ፣ በመጀመሪያው እሁድ ከሰዓት በኋላ በተለመደው ሞገዳችን ጥሪን። በየእሁዱ እንጠብቅሻለን። የሬዲዮ ፈቃዱ በስሜ ስለሆነ ከጎኗ መቀመጥ እንዳለብኝ ለእናትሽ ብነግራት፣ ተቀመጥ፣ ድምፅህን ግን እንዳልሰማ ብላኛለች። ስለዚህ “አጎቴ” ብለሽ እንዳትጀምሪ። “እማዬ” በዪና ጠብቂ። ዝም ብትልሽ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው። አንቴናው ደህና ነው፤ ለሱ እኔ ዋስ ነኝ። ዝምታዋ እስኪያልፍ ብቻ ታገሺያት።

በየእሁዱ አፉን ይዞ ሊቀመጥ ቃል የገባው፣
አጎትሽ